«ልጅዎን ፕሮፌሽናል አደርገዋለሁ»
የሾላዋ እናት እቁብና የ1 ሜትር ከ98ቱ ልጅ ሕልም

በዚህ ገጽ እንደለመድነው የተጣሉ ፍቅረኞችን ስናስታርቅ፣ የጠፉ እጮኞችን ስናፈላልግ ነው የምንከርመው። ዛሬ ግን ጨዋታችን ስለ ኳስ ነው። ቆይ! ገጹን እንዳትገልጡት። ኳስ ይሁን እንጂ ውስጡ እናት አለችበት፣ እቁብ አለበት፣ የተኳረፉ እህትና ወንድም አሉበት።

ደብዳቤውን የላከችልን የ22 ዓመት ወጣት ናት። ሾላ ገበያ ቅቤ ተራ ከእናቷ ጋር ትሠራለች። ስሜ እንዳይወጣ ብላለች፤ አናወጣውም። እንዲህ ትላለች፦

«ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ98 ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ውጤት ስላልመጣለት ቤት ነው ያለው። ቅርጫት ኳስ ግን ነፍሱ ነው፣ ሌሊት በሕልሙም ይጫወታል። አንድ ሰው መገናኛ ካፌ ውስጥ አየውና ‹ይሄ ቁመት እዚህ ምን ይሠራል? እኔ ወኪል ነኝ፣ አውሮፓ ክለብ አስገባሃለሁ፣ በወር ሁለት ሺህ ዶላር ይከፍሉሃል› አለው። ለቪዛና ለሙከራ ማስኬጃ 250 ሺህ ብር ይፈልጋል። የእናቴ እቁብ በሚቀጥለው ወር ይወጣል፤ ልትሰጠው ቆርጣለች። እኔ ‹እስቲ እናጣራ› ስላቸው ወንድሜ ‹ቀንተሽብኝ ነው› አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረን ቁርስ አንበላም። እባካችሁ ምን ላድርግ?»

ደብዳቤውን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከሰዓት በኋላ ወደ ሾላ ወረድኩ። ሾላን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ መቼም የለም። በርበሬው አፍንጫችሁን እየሰነፈጠ፣ የዶሮው ጩኸት ጆሮ እየበሳ፣ ሽንኩርቱን ተሻግራችሁ ማሩንና ቅቤውን ታገኛላችሁ። እናትየውን አገኘኋቸው። ጨዋ፣ ፈገግታቸው የማይጠፋ፣ ጣቶቻቸው ቅቤ የጠገቡ ሴት ናቸው። ልጅቷ አስቀድማ ነግራቸው ነበርና አልተቆጡም። ዱካ ሰጥተው አስቀመጡኝ።

«እማማ፣ ሰውዬው ወረቀት አሳይቶዎታል?»

«አሳይቶኛል ልጄ። ማኅተም ያለው ነው።»

«ምን ይላል?»

«በእንግሊዝኛ ነው። እሱን ልጁ ያውቀዋል።»

ልጁ ስልኩ ላይ ፎቶውን አሳየኝ። ለሙከራ ተጋብዘሃል ይላል። የክለቡ አድራሻ የሚባለው ማንም ሰው በአምስት ደቂቃ የሚከፍተው የጂሜይል አድራሻ ነው። ደመወዝ የለበትም። የውል ዘመን የለበትም። ስሙ ራሱ በሁለት ቦታ በሁለት ዓይነት ፊደል ተጽፏል።

በዚህ መሐል አንድ ነጋዴ ከክፍለ ሀገር የመጣ ቅቤ ይዞ ደረሰ። እናትየው ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ ቢላዋቸውን አንስተው ቅቤውን መሐሉ ድረስ ወጉት፣ አሸተቱት፣ በጣታቸው ጫፍ ቀመሱት። «ከላይ ለጋ ሆኖ ከውስጥ ሌላ ነገር የተሞላ ስንት አይቻለሁ መሰለህ» አሉት ነጋዴውን። ቅቤውን ገዙት፣ ግን ዋጋውን አስቀንሰው ነው። ታዲያ እኔስ ምን ልበላቸው? ለአንድ ኪሎ ቅቤ ይህን ያህል የሚጠነቀቁ ሴት 250 ሺህ ብራቸውን ላልወጉትና ላልቀመሱት ወረቀት ሊሰጡ ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው። «የልጅ ነገር ነዋ» አሉኝ።

እውነት ነው፣ የልጅ ነገር ነው። ስለዚህ ልጁ የሚመኘው ዓለም ውስጡ ምን እንደሚመስል እናንተም፣ እሱም፣ እናትየውም እንድታውቁት ብዬ ያገላበጥኩትን ላጫውታችሁ።

አሜሪካኖቹም ይሰደዳሉ

የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሲባል ብዙዎቻችን ከጆርዳን ዘመን ጀምሮ የምናውቀው ኤንቢኤን ብቻ ነው። እስቲ ቁጥሩን እንየው። ኤንቢኤ 30 ቡድኖች አሉት። አንድ ቡድን በመደበኛ ውል የሚይዘው እስከ 15 ተጫዋች ነው። ሲባዛ 450 ይሆናል። በቃ! በየዓመቱ በሚደረገው ምርጫ የሚጠራው ደግሞ 60 ያህል ስም ነው፤ ከነዚያም ውስጥ አውሮፓውያኑና ሌሎቹ የራሳቸውን ድርሻ ይወስዳሉ። በሌላ በኩል የአሜሪካ ኮሌጆች በአንደኛው ዲቪዚዮን ብቻ ከ350 በላይ ቡድኖች አሏቸው። በየዓመቱ ኮሌጅ ጨርሶ የሚወጣው ተጫዋች ስንት እንደሚሆን እናንተው ገምቱት።

የተረፈው የት ይገባል? ገሚሱ ጫማውን ሰቅሎ እንደማንኛውም ሰው ሥራ ይፈልጋል። ገሚሱ ሻንጣውን ይሸክፍና ቱርክ፣ ጣልያን፣ ስፔን፣ እስራኤል፣ ፊሊፒንስ፣ ቻይና ይሄዳል። እኛ አሜሪካ ለመግባት ዲቪ ስንሞላ በኖርንባቸው ዓመታት አሜሪካዊው ኳሰኛ ከአሜሪካ ወጥቶ እንጀራውን ሲፈልግ ነበር ማለት ነው። አይገርምም?

ኑሮው እንዲህ ነው። ውሉ ብዙ ጊዜ ለአንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነው፤ ስምንት፣ ዘጠኝ ወር ቢሆን ነው። ክለቡ ደመወዝ ይከፍላል፣ ቤት ይሰጣል፣ የደርሶ መልስ ትኬት ይቆርጣል፣ ደህና ከሆነ መኪናም ይጨምርበታል። ልብ በሉ፣ ትኬቱን የሚቆርጠው ክለቡ ነው። በብዙ ሊጎች ደግሞ አንድ ቡድን የሚያሰልፈው የውጭ ዜጋ ቁጥር የተገደበ ነው። እናም ክለቡ ያን ውድ ቦታ የሚሰጠው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነጥብ ለሚያስቆጥርለት ሰው ነው። የአገሩ ልጅ አንድ ወር ቢበላሽ ይታገሡታል። የውጭው ተጫዋች ሁለት ሳምንት ከተበላሸ ግን ምትክ የሚሆነው ሌላ አሜሪካዊ አውሮፕላን ላይ ነው።

ደመወዝ የሚያዘገዩ፣ አልፎም የሚክዱ ክለቦች ሞልተዋል። ለዚህ ነው የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ፊባ እ.ኤ.አ. በ2007 የግልግል ችሎት ያቋቋመው። ያልተከፈለው ተጫዋች ወደዚያ ሄዶ ይከራከራል። ግን አንድ ነገር አለ። ውሉ ላይ «ብንጣላ እዚያ እንዳኛለን» የሚል አንቀጽ መኖር አለበት። አንቀጹ ከሌለ ያንን በር አያንኳኳም። ኮሌጅ የጨረሰ አሜሪካዊ እንኳ ይህን አንቀጽ የሚያስገባለት የታወቀ ወኪል ይፈልጋል።

እርግጥ ነው፣ የሰመረለትም አለ። የኒውዮርኩ ልጅ ስቴፎን ማርበሪ በኤንቢኤ ከ1996 እስከ 2009 ከተጫወተ በኋላ በ2010 ቻይና ሄደ። ያኔ አለቀለት ብለው ብዙዎች ሳቁበት። እሱ ግን ከቤጂንግ ቡድን ጋር በ2012፣ በ2014 እና በ2015 ዋንጫ አነሣ፤ ሐውልት ቆመለት። ይሁንና ማርበሪ ቻይና ሲገባ ስሙ ቀድሞት ደርሷል። የኛ የሾላ ልጅ ስም ገና ከመገናኛ አላለፈም።

ቁመትንም እናንሣ። እዚህ ሾላ ላይ 1 ሜትር ከ98 ዛፍ ነው፤ ልጁ በታክሲ ሲሳፈር እንዴት እንደሚታጠፍ አይቻለሁ። ኤንቢኤ ውስጥ ግን የተጫዋቾች አማካይ ቁመት 2 ሜትር አካባቢ ነው። ይኸውላችሁ፣ የኛ ዛፍ እዚያ መካከለኛ ሰው ሆነ። በተቃራኒው ደግሞ ማግሲ ቦግስ የሚባለው ሰው በ1 ሜትር ከ60 ቁመቱ ኤንቢኤ ውስጥ ዓመታት ተጫውቷል። ስለዚህ «ይሄ ቁመት እዚህ ምን ይሠራል?» የሚል ሰው ስለ ቅርጫት ኳስ ብዙም አያውቅም፣ ወይም እያወቀ ልጁን በቁመቱ እያባበለው ነው።

የኛዎቹስ እንዴት ወጡ?

በቅርጫት ኳስ ባይሆንም በእግር ኳስ መንገዱን የጀመሩ ልጆች አሉን። እኔ ከሁሉም የሚገርመኝ ፍቅሩ ተፈራ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ነበር። ከዚያ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ለኦርላንዶ ፓይሬትስና ለሱፐርስፖርት ዩናይትድ ተጫወተ። ቼክ ሪፐብሊክ፣ ፊንላንድ፣ ቬትናምም ደርሷል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 12 ቀን 2014 ሕንድ ውስጥ ኮልካታ ከተማ አዲሱ የሕንድ ሱፐር ሊግ ሲከፈት በታላቁ ሶልት ሌክ ስታዲየም በ27ኛው ደቂቃ ግብ አገባ። በዚያ ሊግ ታሪክ የመጀመሪያዋ ግብ እሷ ናት። አግብቶም በአየር ላይ ተገለበጠ። ሕንዶቹ አበዱ! ዛሬም የሊጉ የመጀመሪያ ግብ አግቢ ማነው ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ የአዲስ አበባ ልጅ ነው።

የሚያምር ነው አይደል? አሁን ደግሞ አገሮቹን መልሳችሁ ቁጠሯቸው። አንዱን ቋንቋ ሳይለምዱ ወደ ሌላው መሄድ፣ ቤት ሳይሞቅ ሻንጣ ማሰር፣ የፊንላንድ ብርድና የቬትናም ወበቅ። ክብር ነው ወይስ ስደት? በእኔ ግምት ሁለቱም ነው። ፕሮፌሽናል መሆን አንድ ጊዜ ዘሎ መሻገር አይደለም፤ በየዓመቱ እንደ አዲስ ሥራ መፈለግ ነው።

ሳላዲን ሰይድን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከሙገር ሲሚንቶ ወደ ጊዮርጊስ፣ ከጊዮርጊስ በ2011 ወደ ግብጹ ዋዲ ደግላ ሄደ። የዋዲ ደግላ ባለቤቶች የቤልጂየሙን ሊርስ ክለብም ይዘውት ስለነበር በዚያ በኩል አውሮፓን ቀመሰ። ኋላም አል አህሊ፣ የአልጄሪያው ኤምሲ አልጄር፣ ከዚያ በ2016 ወደ ጊዮርጊስ ቤቱ ተመለሰ። ጌታነህ ከበደ በ2013 ከደደቢት ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ሄደ። 2013ን አስታውሱት። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ የገባችበት ዓመት ነው። ዓለም ያያቸው ያኔ ነው።

የጋቶች ፓኖም ታሪክ ደግሞ ለየት ይላል። የኢትዮጵያ ቡናው አማካይ በ2017 ከሩሲያው አንዢ ማካችካላ ጋር የሦስት ዓመት ውል ፈረመ። የሩሲያ ፕሪሚየር ሊግ ነው እኮ! እዚህ ሁላችንም ጨፈርን። ውሉ ግን ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ፤ ልጁ ወደ አገሩ ተመልሶ ለመቀሌ መጫወት ጀመረ። ይህን የምለው ጋቶችን ለማሳጣት አይደለም፤ ጎበዝ ተጫዋች ነው። የብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ሆኖ፣ እውነተኛ ክለብ ፈርሞት፣ እውነተኛ ውል ይዞ እንኳ እንዲህ ሊሆን ይችላል ለማለት ነው።

እነዚህን ልጆች አንድ የሚያደርጋቸው ምንድነው? መጀመሪያ በአገራቸው ሊግ ታዩ፤ ቀጥሎ ብሔራዊ ቡድን ገቡ፤ ከዚያ ክለብ ፈለጋቸው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። የደብዳቤያችን ልጅ ግን በአንድም ክለብ ተመዝግቦ ተጫውቶ አያውቅም። በቪዲዮ የተቀረጸ አንድ ሙሉ ጨዋታ የለውም። ታዲያ ያ የአውሮፓ ክለብ ምኑን አይቶ ነው የጠራው? ሁለትና ሦስት የውጭ ዜጋ ብቻ የሚያሰልፍ ክለብ፣ አራት ዓመት ኮሌጅ ተጫውቶ ቁጥሩ በየጨዋታው የተመዘገበለትን አሜሪካዊ ትቶ፣ ካፌ ውስጥ የተገኘ ልጅ ይወስዳል?

ከሾላ ቀና ብላችሁ ስታዩ እንጦጦ ነው። በማለዳ እዚያ የሚሮጡትን ልጆች አስቧቸው። ለእነሱ ሰዓት አለላቸው፤ ሰዓት አያዳላም፣ አይዋሽም። ቅርጫት ኳስ ግን መራጭ ይፈልጋል። ደላላ የሚገባውም በዚያች ክፍተት ነው።

ሰውዬውን በምን እንወቀው?

እህት ዓለም፣ አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ሰውዬው ሌባ ነው ብዬ አልፈርድም፤ አላየሁትም። ግን እናትሽ ቅቤውን እንደሚወጉት እሱም የሚወጋበት ቢላዋ አለ።

አንደኛው ፈቃድ ነው። በቅርጫት ኳስ ለወኪሎች ፈቃድ የሚሰጠው ፊባ ነው፣ ስም ዝርዝራቸውንም በኢንተርኔት ያወጣል። በእግር ኳስ ከሆነ ደግሞ ፊፋ ከ2023 ጀምሮ ፈተና ላለፈ ወኪል ፈቃድ ይሰጣል፣ ስሙም ይፋ ነው። ስለዚህ የሰውዬውን ሙሉ ስምና የፈቃድ ቁጥር ጠይቁ። «እኔ በስሜ አልሠራም፣ አለቃዬ ነው ያለው» ካለ የአለቃውን ጠይቁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የገንዘቡ አቅጣጫ ነው። እውነተኛ ወኪል የሚበላው ተጫዋቹ ከፈረመ በኋላ ነው፤ ክለቡ ይከፍለዋል ወይም ከደመወዙ ከመቶ አሥር የሚሆን ያህል ይወስዳል። ልጁ ካልፈረመ እሱም አይበላም። ለዚህ ነው የሚሮጥለት። ገና ሳይሄድ ሩብ ሚሊዮን ብር የተቀበለ ሰው ልጁ ፈረመ አልፈረመ ምን ገዶት ይሮጣል?

ቪዛውንም እዩት። የጉብኝት ቪዛ የሥራ ፈቃድ አይደለም። በጉብኝት ቪዛ ሄዶ «እዚያ እንቀይረዋለን» የተባለ ልጅ ቀኑ ሲያልቅ ሕገ ወጥ ነው የሚባለው። ይህ ወሬ አይደለም። በምዕራብ አፍሪካ ወኪል ነን ባዮች ስንቱን ልጅ በእግር ኳስ ስም ወስደው አውሮፓ ጎዳና ላይ እንደጣሉት የቀድሞው የካሜሩን ተጫዋች ዣን ክሎድ ምቩማን አይቶ፣ እነዚያን ልጆች የሚረዳ ፉት ሶሊዴር የተባለ ማኅበር በ2000 ፈረንሳይ ውስጥ እስከ ማቋቋም ደርሷል። እነዚያም ልጆች እናት ነበራቸው። እናቶቻቸውም ያላቸውን ሸጠው ነው የከፈሉት።

ፌዴሬሽን የሚባልም አለ። ተጫዋች ከአገር አገር ሲዛወር የአገሩ ፌዴሬሽን የመልቀቂያ ደብዳቤ ይጠየቃል። ስለዚህ አንድ ቀን የቅቤውን ሥራ ለእናትሽ ትተሽ፣ ወንድምሽንም ይዘሽ፣ ወረቀቱን ለቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን አሳዩ። ብቻሽን አትሂጂ። ብቻሽን ከሄድሽ «ልታሰናክለኝ ሄደች» ነው የሚልሽ።

ስለ ኩርፊያውም አንድ ነገር ልበልሽ። ወንድምሽን «ውሸት ነው፣ ተታለሃል» አትበዪው። በ19 ዓመት ያለ ውጤት ቤት የተቀመጠ ልጅ ተስፋ የሰጠውን ሰው አሳልፎ አይሰጥም፣ የነጠቀውን ነው የሚጠላው። እንዲያውም በልጁ አትፍረጂ። ጠዋት እናቱና እህቱ ወደ ገበያ ሲሄዱ ቤት የሚቀረው እሱ ነው። ከሰዓት ሰፈር ሲወጣ «ይሄን ቁመት ይዘህ...» የሚለው ሰው አያጣም። ሰው ሁሉ ቁመቱን እያየ ሲመኝለት ኖሮ የመጀመሪያውን «እወስድሃለሁ» ባይ ቢያምን ምን ይገርማል? «እኔም እንድትሄድ እፈልጋለሁ፤ ግን እንደ ፍቅሩና እንደ ሳላዲን ተጠርተህ ሂድ» በዪው።

አንተም ወንድሜ፣ ይህን እንደምታነብ አውቃለሁ። በመጀመሪያ ክለብ ግባ፤ ተመዝግበህ ተጫወት። ሁለት ሙሉ ጨዋታ፣ የገባውም የሳትከውም ሳይቆረጥ፣ በስልክ አስቀርጽ። ጎል ጎሉን ብቻ ሰብስቦ ሙዚቃ የተለቀቀበት ቪዲዮ ለሰፈር ልጅ ነው፤ አሠልጣኝ የሚያየው መከላከልህንና ኳስ ሳትይዝ የምትሠራውን ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉንም ነገር አትተወው። አሜሪካኖቹ እዚያ የሚደርሱት በኮሌጅ በኩል ነው፣ ኮሌጅ ደግሞ ከቁመት በፊት የትምህርት ማስረጃ ይጠይቃል። ኤንቢኤ በ2017 ሴኔጋል ውስጥ አካዳሚ ሲከፍት ከአፍሪካ የመረጣቸውን ልጆች ማደሪያውንም ትምህርቱንም ችሎ ነው የወሰደው። የሚፈልግህ ይከፍልልሃል እንጂ አያስከፍልህም። አንተ ለአካዳሚ ዕድሜህ አልፏል፤ ለክለብ ግን አላለፈም። በ2021 የተጀመረው የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግም አለ፤ በእኛው አህጉር በደመወዝ የሚጫወቱ ልጆች አሉበት። መንገዱ ከአውሮፓ ብቻ አይጀምርም።

እናትየውን ስሰናበት እቁቡን ምን ሊያደርጉት እንዳሰቡ ጠየቅኳቸው። ልጁ ባይሄድ ኖሮ ሱቁን ለማስፋት፣ የማር ንግድም ለመጨመር ነበር ሐሳባቸው። «ከሰጠሁት በኋላ ቢጠፋ የት አገኘዋለሁ?» አሉኝ ድንገት። ቤቱን ያውቁት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አያውቁትም። ካፌውን ብቻ ነው የሚያውቁት።

ልጅቷ ከትናንት በስቲያ ደውላልን ነበር። ወንድምየው ለሰውዬው የፈቃድ ቁጥሩን እንዲልክለት በቴሌግራም ጽፎለታል። መልእክቱ መነበቡን የሚያሳዩት ሁለቱ ምልክቶች መጥተዋል፤ ቁጥሩ ግን ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት እስከገባበት ሰዓት ድረስ አልመጣም። ፌዴሬሽን የሚሄዱት ሰኞ ነው፤ ሁለቱም አብረው።